የአራተኛው ፎቅ በር

ናዝሬት ውስጥ ስምንት ፎቅ ያለው ሕንፃ አንድ ብቻ ስለነበረ ስም ማውጣት አላስፈለገም፤ ሰው ሁሉ «ባለ ስምንቱ» ይለው ነበር። የሰፈሩን ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ቁልቁል እያየ ብቻውን ተገትሯል። ውስጡ የእርሻ ውጤቶችን የሚያከፋፍል የአንድ የመንግሥት ድርጅት ቢሮዎች ነበሩ፤ ከቢሮዎቹ ይልቅ ግን የሚወራው ስለ አሳንሰሩ ነው። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ገበሬ እንኳ ጉዳይ ሳይኖረው ገብቶ አንድ ጊዜ ተሳፍሮ ካልወረደ ናዝሬትን አየሁ አይልም። በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ በዚያ አሳንሰር ጉድጓድ ወለል ላይ አቶ ገብረወልድ ሞተው ተገኙ።

መቶ አለቃ አብተው ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ስለተቃረበ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ቀይ ጨርቅ ለብሷል፤ ግንባሩ ላይ ደግሞ በአምፖል የተሠራ ትልቅ «10» ተሰቅሎበታል። አብተው በንጉሡ ጊዜ ፖሊስ የገባ፣ ንጉሡ ከወረዱም በኋላ ያንኑ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድድ የቀረ ሰው ነው። ሥርዓት ቢለወጥ ሬሳ አይለወጥም ይል ነበር። አብሮት የመጣው ሃምሳ አለቃ ኑሬ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ብዙ አይቶ ጥቂት የሚናገር፣ ጡረታውን የሚጠባበቅ ሰው ነው።

ሟቹ የድርጅቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በጀርባቸው ተንጋለው፣ ዓይናቸው እንደተገለጠ፣ ክራቫታቸው እንኳ ሳይላላ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝተዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተፈርክሷል፤ ከፊት ግን አንድ ጭረት የለባቸውም። አብተው ይህን ልብ ብሎ ከኑሬ ጋር ደረጃውን ተያያዘው።

በየፎቁ የአሳንሰሩን በር እየገፉ ወጡ። የአንደኛው፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው በር እምቢ አለ። አራተኛው ፎቅ ላይ አብተው እጁን ገና ከማሳረፉ በሩ ተከፈተ፤ ከበሩ በስተጀርባ ግን የሚሳፈሩበት ሳጥን የለም። ጨለማና የቅባት ሽታ ብቻ ነው። ሳጥኑ ሳይመጣ በሩ እንዳይከፈት የሚይዘው መቆለፊያ ከነብሎኑ ተነቅሏል። ኮሪደሩም ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ አምፖሎቹ በሙሉ ወጥተው ግንባሩ ላይ ላለው «10» ተሰጥተዋል።

አብተው ተንበረከከ። ወለሉ ትናንት ማታ ታጥቦ ሳይደርቅ የተረገጠ ስለሆነ የጫማ ዱካ ደርቆ ቀርቶበታል። የመጨረሻው ዱካ ተረከዙ ጠርዙ ላይ ነው፤ ጣቶቹ ወደ ኮሪደሩ ያመለክታሉ።

«አሳንሰር የሚገባ ሰው ፊቱን ወዴት ያደርጋል?» አለ አብተው።

«ወደሚገባበት ነዋ» አለ ኑሬ።

«እሳቸው ፊታቸው ወደ ኮሪደሩ ነበር። እዚህ፣ እኔ ያለሁበት ቦታ፣ ሰው ቆሞ ነበር። ደረታቸውን ገፍቶ ነው የጣላቸው።»

ኑሬ አላህ ይዘንላቸው ብሎ ወደ ጉድጓዱ አየ። ሁለቱም የጫማውን ዱካ እንጂ ወለሉን ማን እንዳጠበው አላሰቡም። የታጠበ ወለል ላይ ያደፈውን እንጂ ያጠበውን የሚያይ ማን አለ።

ምድር ቤት ሲወርዱ ወንጀለኛው ተይዞ ጠበቃቸው። የያዘው የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ንዋይ ነው፤ የተያዘው የአሳንሰሩ መካኒክ ቀነዓ። የቀነዓ ከንፈር አብጧል። ንዋይ በካኪ ሳፋሪው ኪስ ላይ ያለውን ብዕር እየነካካ፣ የበዓሉ እንግዶች ከአዲስ አበባ በሚመጡበት ዋዜማ የአሳንሰር መቆለፊያ መንቀል ምን እንደሚባል ለፖሊስ ማስረዳት እንደማያስፈልገው ተናገረ። እውነትም ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር ተብሎ የገባ ሰው ደግሞ በእግሩ ሲወጣ አብተው አላየም።

ቀነዓን ጣቢያ ወስዶ ብቻውን ጠየቀው። ልጁ የቡልቡላ ሰው ነው፤ ትራክተር ሲጠግን አድጎ፣ ሕንፃው ሲሠራ ከውጭ አገር ባለሙያዎች ሥር ሆኖ አሳንሰር የተማረ። መንቀሉን አልካደም። የምድር ቤቱ በር መቆለፊያ ተሰበረ፤ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ዓመት ይፈጃል፤ ጓድ ንዋይ ጠርቶ «አራተኛ ፎቅ የሚወርድ እንግዳ የለም፤ ከዚያ ነቅለህ ታች ግጠም» አለው። በቃል ነው ያዘዘው። ቀነዓ ነቀለ፣ ገጠመ፣ የአራተኛውን በር ግን ጣውላ አግድም መትቶ ዘጋው። በማግስቱ ጣውላው የለም። ቀይ ጨርቁን ያበላሻል ተብሎ ተነስቷል።

አብተው ጉበኑ ላይ የሚስማር ቀዳዳዎች ማየቱ ትዝ አለው።

«ትናንት ከሥራ መውጫ በኋላ የት ነበርክ?»

«ጣሪያው ላይ፣ ሞተሩ ክፍል። ሳጥኑን ወደ ላይ ስቤ ገመዱን ቅባት ስቀባ።»

«ማን አየህ?»

ቀነዓ ያበጠ ከንፈሩን በምላሱ ነካ አደረገ። «ዋቃ» አለ። «እሱ ደግሞ እዚህ መጥቶ አይመሰክርልኝ።»

ሎሚ የምትባለው ሚስቱ ስንቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ አታለቅስም፣ አትለምንም። አብተው ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ ይወጣል ወይ? ፖሊስ ለእስረኛ ሚስት መልስ እንደማይሰጥ ጠንቅቆ ያውቃል። ያም ሆኖ አፉ ቀደመውና ጥፋቱ የእሱ ካልሆነ ይወጣል አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎሚ በየማለዳው በሩ ላይ ስታየው ያንን ቃል የምታስታውሰው ይመስለው ነበር።

የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ ሻለቃ ነጋሳ ነገሩ በዓሉ ሳይደርስ እንዲዘጋ አዘዘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር፤ በዚያ ዘመን ልዩነቱ ብዙም አይታይም። አብተው ሟቹን ገፍቶ የጣለ ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው ደግሞ ጣሪያው ላይ የነበረው ቀነዓ ሊሆን እንደማይችል አስረዳው። ነጋሳ ግን፣ እንግዲያው ገፋ የምትለውን ሰው አምጣልኝ፣ ካላመጣህ በእጄ ያለውን አሳልፌ እሰጣለሁ አለ።

አብተው መጀመሪያ የተመኘው ንዋይን ነው። ምኞት መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ንዋይና ሟቹ እንደማይዋደዱ ድርጅቱ በሙሉ መሰከረለት። አቶ ገብረወልድ በሕይወታቸው ለማንም «ጓድ» ብለው አያውቁም፤ ንዋይ ስብሰባ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲነሳ እሳቸው እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን በአደባባይ «አቶ ንዋይ፣ መቀመጫ የተሠራው ለመቀመጥ ነው» ብለውታል ተብሎ እስከ ዛሬ ይሳቃል።

ንዋይ ግን በዚያ ምሽት የውይይት ክበብ ሲመራ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው አይቶታል። ስለ ምርት ዕድገት ሲናገር ከሥራ መውጫ ጀምሮ እስኪጨልም ድረስ ከመድረኩ አልወረደም፤ ውሃ ለመጠጣት እንኳ አላቋረጠም። አብተው ሰውየውን የሚጠሉትን ለይቶ ጠየቀ፤ እነሱም በምሬት ያንኑ አሉት። አንዷ ጸሐፊማ ቢወጣ ኖሮ ጸሎታችን ተሰማ ብለን እናስታውሰው ነበር አለችው። መቆለፊያው እንዲነቀል አዝዞ እንደሆነ ሲጠየቅ ንዋይ ፈገግ አለ። ለመካኒክ ትእዛዝ የሚሰጥ የፖለቲካ ኃላፊ የት ታይቷል አለ። የሰማ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማም።

ጥሩነሽን፣ የሟቹን ባለቤት፣ አብተው የጠየቃት ለቅሶ ላይ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ፣ እንጨት በተከመረበት ጥግ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ አነጋገረችው። ባሏ ምንጃር ውስጥ በአንድ ፊታውራሪ ቤት ማደጉን፣ በኋላ ፊታውራሪው አስተምረው ለመንግሥት ሥራ እንዳበቁት ነገረችው። ጠላት የለውም። ማንንም አይፈራም፣ ለማንም አይነሳም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እዚያ ሕንፃ ሴት ነበረችው» አለች።

«ምን አይተው ነው?»

«ምሳውን ሁለት አድርጌ እንድቋጥር ያዝዘኝ ነበር። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ። ለአንዲት ድሃ ነው ይላል። ለድሃ የሚሰጥ ሰው ጫማውን በየጠዋቱ ሁለቴ ይጠርጋል? በዚህ ዕድሜው!»

ንዴቷ ከሐዘኗ ጋር ተደባልቆ ፊቷን አቅልቶታል። አብተው ይህን ሲሰማ አዘነላትም፣ ደስም አለው። ሴት ካለች ቅናት አለ፤ ቅናት ካለ ገፊ አለ።

ኑሬ ዘበኛውን ገርባን ሻይ ጋብዞ አናገረው። ገርባ መጀመሪያ አላየሁም አለ፤ ሻዩ ሲደገም አስታወሰ። አቶ ገብረወልድን የሚያህል ሰው የጽዳት ሠራተኛዋን የበላይነሽን ባልዲ ተሸክሞላት ደረጃ ሲወጣ አይቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሰውየው ክራቫት አስሯል፣ በእጁ የቆሻሻ ውሃ ይዟል፣ እሷ ባዶ እጇን ከኋላ ትከተለዋለች። ገርባ ይህን ሲያወራ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር።

በላይነሽ ተጠርታ ጣቢያ መጣች። ሃምሳውን የተጠጋች፣ እጇ በሳሙናና በበረኪና የተሰነጣጠቀ፣ የደበዘዘ ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት። አብተው ገና ተቀመጪ ሳይላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሟቹ ደግ ሰው እንደነበሩ፣ ምሳም ያካፍሏት እንደነበር አልካደችም። በዚያ ምሽት ሥራዋን ጨርሳ በጊዜ ወጥታለች። ሌላ የምታውቀው የለም። ተጣልታችሁ ነበር ወይ ሲላት ዓይኗን ሳትሰብር አየችው፤ እሱ ነው ዓይኑን የሰበረው። ስትወጣ ኑሬ፣ ይህች ሴትዮ ጠጅ ቀድታ የምታውቅ አትመስልም አለ። አብተው ልብ አላለውም። ጥፋተኛ ናት ብሎ አስቦ ነበርና ከእሷ የሚፈልገው የእምነት ቃል ብቻ ነበር።

በሠልስቱ ቀን ወደ ለቅሶው ተመለሰ። ሊያነጋግር ሳይሆን ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ለማየት ነው፤ ነፍሰ ገዳይ አንዳንዴ ንፍሮ ለመዝገን ይመጣል። በድንኳኑ ራስ የሟቹ የንስሐ አባት ተቀምጠዋል። ከምንጃር የመጡ አንድ ሽማግሌ ቀርበው መስቀል ተሳለሙና ለመመለስ ሲሉ ፊታቸውን አላዞሩም። ጎንበስ እንዳሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ኋላቸው ይራመዱ ጀመር። ኋላቸው ያለውን አግዳሚ ወንበር አላዩም። ተረከዛቸው ሲነካው በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ ሁለት ሰዎች ባይደርሱላቸው ኖሮ ራሳቸው ከድንኳኑ ምሰሶ ይጋጭ ነበር።

«የድሮ ሰው» አለ አንዱ ለቀስተኛ እየሳቀ። «ጀርባውን ለትልቅ ሰው ከሚሰጥ ቢሞት ይመርጣል።»

አብተው የዘገነው ንፍሮ እጁ ውስጥ ቀረ። ማንም አልገፋም። ያ ሁሉ ቀን የተባረረው ገፊ የለም። አቶ ገብረወልድ በሰው ፊት ወደ ኋላቸው ተራምደው ነው ወደ አሳንሰሩ የገቡት። ለንዋይ የማይነሱ፣ ለማንም ጎንበስ የማይሉ ሰው ለማን ብለው ጀርባቸውን ነፈጉ?

ጥሩነሽን ፈልጎ አገኛት።

«አቶ ገብረወልድ እንዲህ ወደ ኋላ እየተራመዱ የሚሸኙት ሰው ነበር?»

«ዛሬ የለም። ድሮ የፊታውራሪውን ቤት ሰዎች ነበር። ሁሉም አልቀዋል። ጌታው በአብዮቱ ጊዜ ተገደሉ፤ ሴት ልጃቸው ደግሞ በረሃ ገብታ ሞታለች ይባላል። እሷን ባሌ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያሳደጋት፤ ሲያወራ እንኳ ስሟን በባዶ አይጠራም።»

በላይነሽ የምትኖረው ከገበያው ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየችው ጠባብ ክፍል ነው። አብተው የተሸከሙላትን ባልዲና ተቀመጪ ሳትባል የሳበችውን ወንበር እያሰበ ብቻውን ሄደ። ቆሞ «ወይዘሮ» አላት፤ ሌላ ምንም ሳይጨምር። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ካስገባችው በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ለመካድ አልሞከረችም።

«ዘመናይ እባላለሁ» አሉ። «ይህን ስም ከሰማሁት ቆየሁ፤ አፌ ላይ እንኳ እንግዳ ሆኖብኛል።»

ከዚያ ሁሉን ነገሩት። አባታቸውና ባላቸው በተገደሉ ጊዜ የቤታቸው ሠራተኛ የነበረችው እውነተኛዋ በላይነሽ ዓለም ጤና ባለ የወንድሟ ጎጆ ደብቃ አኖረቻቸው። የቀበሌ መታወቂያዋንና ስሟን ሰጥታ ናዝሬት ላከቻቸው። በእሷ ስም ተቀጠሩ፣ በእሷ ስም ወለል አጠቡ። ገብረወልድ በዚህ ክረምት ኮሪደር ላይ አያቸውና ወዲያው ለያቸው። አንዳች ቃል አልተናገረም፤ ባልዲውን ብቻ ከእጃቸው ወሰደ።

«ተው እለው ነበር» አሉ። «ታስበላኛለህ እለው ነበር። አይሰማም። ሰው ከሌለ እጅ ይነሳል፤ ሰው ሲመጣ ቀና ይላል።»

«በዚያ ምሽት?»

ወይዘሮ ዘመናይ የተሰነጣጠቁ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አራተኛውን ፎቅ አጥበው ሲጨርሱ ሰውየው ከቢሮ ወጣ። ደክመዋል፣ ዛሬ በአሳንሰር ይውረዱ አለ። ለጽዳት ሠራተኛ አሳንሰር ክልክል ነው። አዝራሩን ተጫነ፣ በሩን ሳበው፣ ተከፈተ። ከተከፈተ ሳጥኑ መጥቷል ብሎ ነው፤ ወደ ውስጥ አላየም፣ ዓይኑ ያለው እሳቸው ላይ ነው። እመቤቴ ይግቡ አለ። እሳቸው ደግሞ ሰው ቢመጣስ ብለው አንተ ቅደም አሉት። እሱ እርስዎ፣ እሳቸው አንተ ሲባባሉ ከታች የሰው ድምፅ ተሰማ።

«ያኔ ተቆጣሁ» አሉ። «ባልዲ ከያዝኩ ጀምሮ ተቆጥቼ አላውቅም። በአባቴ ቤት እንደማደርገው ‹ግባ ብዬሃለሁ› አልኩት። እሺ እመቤቴ አለ። ደስ ያለው ይመስላል፤ ፊቱ ሲፈካ አየሁት። እጅ ነሳና ወደ ኋላው ገባ።»

ውጭ ሕፃናት ይጯጯሃሉ።

«አልጮኸም» አሉ በመጨረሻ። «እኔም አልጮህኩም። ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ። ያሳደገኝን ሰው ጉድጓድ ውስጥ ትቼ ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ።»

አብተው አዘነ፤ ያዘነውም ለሁሉም ነው። ግን ቀነዓን ማዳን የሚችለው ይህ ቃል ብቻ ነው። መቆለፊያው ነፍስ እንዲያጠፋ የታሰበ ወጥመድ ሳይሆን ሰውየውን የገደለው ትሕትና መሆኑን የሚመሰክር ሌላ ሰው የለም። ይህንን ሲነግራቸው ወይዘሮ ዘመናይ ብዙ አላስለመኑትም። የዚያን ልጅ ሚስት በጣቢያው በኩል ሲያልፉ በር ላይ አይተዋታል። አንድ ነገር ብቻ አስማሉት፤ የእሳቸው ነገር ያበቃ ነው፣ ዓለም ጤና ያለችው በላይነሽ ግን እንዳትነካ። አብተው በልጆቹ ማለ። አዛዡን ነጋሳን አውቀዋለሁ፣ ሰው ነው አለ።

ቃላቸውን ሲቀበል ኑሬ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሴትየዋ ወደ ሌላ ክፍል ከተወሰዱ በኋላ ሽማግሌው ፖሊስ ወረቀቱን አላየም፤ አብተውን ነው ያየው።

«መቶ አለቃ፣ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው» አለ። «አንድ ይበቃል።»

«ያለ ጥፋቱ ይሙት ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩ። ልጁን ይዘውታል። ይህቺን ግን አልያዟትም ነበር።»

አብተው ተቆጣው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለው፤ ሲለው ከልቡ ነበር። ያን ቀን ሲወጣ ሎሚን በር ላይ አገኛትና ነገ ለባልሽ ንጹሕ ልብስ አምጪለት አላት። ሎሚ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞር አለች።

ነጋሳ ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰማ። አንዴም አላቋረጠም። አብተው ሲጨርስ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ፣ ተመልሶም ስልክ አነሳ፤ የደወለው ወደ ደህንነት ሰዎች ነው። አብተውን በማግስቱ ና አለው።

በማግስቱ ማለዳ ግቢው ውስጥ አንድ ላንድሮቨር ቆሟል። አንዲት አሮጊት ከኋላው እየወረደች ነበር፤ እግሯ ላይ ጫማ የለም፣ ከመሬት ሽንኩርት ስትነቅል ያገኟት ይመስላል፣ ቀሚሷ ጭቃ ነው። አብተው ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገውም፤ በላይነሽ የሚለው የመታወቂያ ስም እሷ ድረስ መርቷቸዋል። ወደ ነጋሳ ቢሮ ሲሮጥ ሄደ።

«አትነካም ብዬ ምያለሁ» አለ።

«አንተ ማልክ እንጂ እኔ አልማልኩም። ቁጭ በል።» ነጋሳ እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበረው። «አብተው፣ እኔ በእጄ የነበረው አንድ አሻጥር ነው። አንተ ሴራ አመጣህልኝ። የፊውዳል ልጅ ስሟን ለውጣ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገባች። ገብረወልድ አወቃት። መካኒኩ መቆለፊያ ነቀለላት፣ እሷ ሰውየውን በሩ ድረስ ወሰደችው። የማይመስል ነገር አለው?»

«ተባባሪዋ አይደለም። ቃሏን የሰጠችው እሱን ለማስፈታት ነው።»

«እኮ። ተባባሪዋ ካልሆነ አንገቷን ስለ ምን ትሰጥለታለች? ደህንነቶቹ የጠየቁኝ ይህንን ነው። ምን ብዬ ልመልስ?»

«ማንም አልገፋቸውም። ወደ ኋላቸው ነው የገቡት። ጀርባ ላለመስጠት።»

ነጋሳ ያለ ንዴት አየው።

«ይህንን ስብሰባ ላይ ልናገረው?» አለ። «ሰው በትሕትና ሞተ ብዬ? ፊቱ ወደ ኮሪደሩ ነበር፣ ከፊቱ ሰው ነበር ብለህ የመጀመሪያውን ቀን የነገርከኝ አንተ ነህ። እነሱ ያንን ወስደዋል። ሌላ የጨመሩት የለም።»

የጎደለውን ሁሉ ያሟላው አብተው ራሱ ነው። ሰባራ ክስ አግኝቶ፣ ምስክርና ምክንያት ሰጥቶ፣ ሙሉ አድርጎ አስረከበ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሱ ግን የጣለው የራሱን ሳይሆን የሰው ብብት ውስጥ የነበረውን ነው። ነጋሳ አክሎ ጓድ ንዋይ ምስጋና እንደላከለት፣ ለበዓሉም ስሙ ለማዕረግ እንደተላለፈ ነገረው። ይህን ሲናገር ወረቀት እያስተካከለ ነበር።

በሩ ላይ ሎሚ ቆማለች። ፀሐዩ ገና ለጋ ነው፤ ከባለ ስምንቱ በኩል የሚመጣው ነፋስ የበዓሉን ሙዚቃ ሙከራ ያመጣል። በአንድ እጇ ስንቅ፣ በሌላው የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ ይዛለች። ጫማም ጠርጋ አምጥታለች፤ ክሩን ሳይቀር ቀይራዋለች። አብተውን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጥርሷን አይቶ አያውቅም ነበር።

«መስካሪ ተገኘ አሉኝ» አለች። «ዋቃ ይስጥልን። ልብሱን ለእርስዎ ልስጥዎት ወይስ እዚህ ልጠብቀው?»

አብተው ሊዋሻት አሰበ። አንድ ቀን ብዙ ነው፤ አንድ ቀን ደስ ብሏት ትዋል ብሎ አሰበ። ግን ነገ ደግሞ እዚሁ ትቆማለች።

«ልብሱን መልሺው» አለ።

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ቃሉ እስኪገባት ቆየ።

«ስንቁን ግን ከነገ ጀምሮ ጨምሪበት» አለ፤ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «ውስጥ ሁለት ሴቶች ገብተዋል። እዚህ የሚጠይቃቸው ሰው የላቸውም።»

ሎሚ ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። በምን ጥፋት ገቡ፣ በማን ገቡ አላለችም። ሸሚዙን እዚያው ቆማ እንደገና አጣጠፈችው፣ ጫማውን በላዩ አደረገችና በነጠላዋ ቋጠረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ይበላሉ?» አለች።